‹ዌንት› ከየት መጣ? ስለ አንድ ተራ የእንግሊዝኛ ግሥ ታሪክና አገባብ

የዛሬውን ገለጻ እንዳቀርብ የጋበዙኝን የመርሐ ግብሩን አዘጋጆች አስቀድሜ አመሰግናለሁ። ርእሱን ስነግራቸው ‹‹አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ‹ጎ›?›› ብለው እንደ ቀልድ ወስደውት ነበር። ቀልድ አይደለም። ከሦስተኛ ክፍል ተማሪ እስከ ፕሮፌሰር ሁላችንም በየቀኑ የምንጠቀምበት ግሥ ስለሆነ ማንም ቆም ብሎ አይጠይቀውም፤ እኔ ግን ልጠይቀው የተገደድሁበት ምክንያት አለኝ።

የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ መምህራችን በበዓል ሰሞን ያደረግነውን በእንግሊዝኛ እንድንጽፍ አዘዙን። እኔም ወደ አያቴ ቤት መሄዴን ለመግለጽ ‹አይ ጎኢድ› ብዬ ጻፍሁ። ‹ፕሌይ› ‹ፕሌይድ› ከሆነ፣ ‹ዋክ› ‹ዋክድ› ከሆነ፣ ‹ጎ› ‹ጎኢድ› የማይሆንበት ምክንያት አልታየኝም። መምህሩ ደብተሬን ከፍ አድርገው ለክፍሉ አነበቡት፤ ክፍሉም ሳቀ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ እጄን አላነሣሁም። የሚገርመው መሣለቂያ መሆኔ አይደለም፤ በዚያ ዘመን ሁላችንም በየተራ መሣለቂያ ነበርን። የሚገርመው፣ ‹ዌንት› ነው ከተባልሁ በኋላ ‹‹ለምን?›› ብዬ ብጠይቅ ኖሮ የሚመልስልኝ አለመኖሩ ነው። ቃሉ ከ‹ጎ› ጋር አንዲት ድምፅ እንኳ አይጋራም። ለምን?

መልሱ እነሆ። ‹ዌንት› የ‹ጎ› ኃላፊ ጊዜ ሆኖ አልተወለደም። የሌላ ግሥ ንብረት ነበር።

በጥንታዊው እንግሊዝኛ፣ ማለትም ከኖርማኖች ወረራ ከ1066 በፊት በነበረው ቋንቋ (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቈጣጠር ናቸው)፣ ‹መሄድ› የሚለው ግሥ ‹ጋን› ነበር። ኃላፊ ጊዜው ደግሞ ‹ኤኦደ›። ልብ በሉ፤ ያኔም ቢሆን ሁለቱ ቅርጾች አይመሳሰሉም። ስለዚህ ነገሩ ‹‹ቀድሞ ሥርዓት ነበረ፣ በኋላ ተበላሸ›› የሚባል አይደለም። ከእንግሊዝኛ ጋር ዘመዳማ በሆነው፣ በ4ኛው ክፍለ ዘመን የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም በተጻፈበት በጎቲክ ቋንቋም ‹ጋንጋን› የሚለው ግሥ ኃላፊ ጊዜው ‹ኢድያ› ነበር። በዚህ ግሥ ዘንድ ጠማማነቱ ጽሑፍ ከሚደርስበት ዘመን ሁሉ ይቀድማል።

ጎን ለጎን ደግሞ ‹ዌንዳን› የሚባል፣ ‹መዞር፣ ማዞር፣ መታጠፍ› የሚል ፍቺ ያለው ሌላ ግሥ ይኖር ነበር። ‹መጠምዘዝ› ከሚለው ከዛሬው ‹ዋይንድ› ጋር አንድ ሥር ነው። የዞረና የታጠፈ ሰው ወደ አንድ አቅጣጫ ማምራቱ አይቀርምና፣ ፍቺው ቀስ በቀስ ከ‹መዞር› ወደ ‹ማምራት›፣ ከ‹ማምራት› ወደ ‹መሄድ› ተሸጋገረ። የእኛም ‹አመራ› ‹መርቶ ወሰደ› ከማለት ተነሥቶ ‹ወደ አንድ ስፍራ ሄደ› እስከ ማለት ደርሷልና መንገዱ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይሆንበትም። የዚህ ግሥ ኃላፊ ጊዜ በመካከለኛው እንግሊዝኛ ‹ዌንት› ሆነ። ይህ ፍጹም መደበኛ ነው፦ ‹ሴንድ› ‹ሴንት›፣ ‹ቤንድ› ‹ቤንት›፣ ‹ሌንድ› ‹ሌንት›፣ ‹ስፔንድ› ‹ስፔንት› ይላልና፣ ‹ዌንድ› ‹ዌንት› ቢል ምን ይደንቃል? ዛሬ ከሕግ ውጪ ነው እያልን ተማሪ የምናስጨንቅበት ቃል በገዛ ቤቱ ሳለ ሕግ አክባሪ ነበር።

ከዚያ የሆነው ይህ ነው። ‹ኤኦደ› በየአውራጃው ‹ዪድ›፣ ‹ዮድ› እየተባለ ቅርጹ ይለዋወጥ ጀመር። ‹ዌንት› በፍቺ ቀርቦት ስለነበር ቦታውን ይሻማው ያዘ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ገጣሚው ቾሰር በሁለቱም ይጠቀማል። በ1500 አካባቢ በደቡብ እንግሊዝ ፉክክሩ አብቅቶ ‹ዌንት› የ‹ጎ› ሆኗል። ባለቤቱ ‹ዌንድ› ደግሞ የተወሰደበትን አጣና ለራሱ ‹ዌንድድ› የሚል አዲስ ኃላፊ ጊዜ አበጀ፤ ዛሬም በሥነ ጽሑፍ ቋንቋ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል።

እዚህ ላይ ሁለት ጨዋታዎችን ሳላነሣ ባልፍ ይቈጨኛል። የመጀመሪያው፦ ኤድመንድ ስፔንሰር በ1590 ባሳተመው በ‹ፌይሪ ኩዊን› ግጥሙ ውስጥ ቋንቋውን ጥንታዊ ለዛ ሊያላብስ ፈልጎ፣ ከአፍ የጠፋውን ‹ዪድ› አስነሣው። ነገር ግን ኃላፊ ጊዜ መሆኑን ስቶ ‹መሄድ› እንደሚል አርእስት አድርጎ አገባው። ከእንግሊዝኛ ታላላቅ ባለቅኔዎች አንዱ በዚሁ ግሥ ተሰናክሏል፤ ደብተሩን ከፍ አድርጎ ያሣቀበት ግን የለም። ሁለተኛው፦ ‹ዌንት› ወደ ሰሜን ሲወጣ በስኮትላንድ ሙሉ ድል አላገኘም። የስኮትስ ቋንቋ ‹መሄድ›ን ‹ጌ› ይለዋል፤ ኃላፊ ጊዜውንም ‹ጌድ›። ይኸውም በግሡ ላይ ተራውን የኃላፊ ጊዜ ምልክት መጨመር ነው፤ ማለትም ‹ጎኢድ›። ስኮቶች ግጥም የጻፉበት፣ ሮበርት በርንስም የተጠቀመበት ቅርጽ እኔ በአምስተኛ ክፍል ከጻፍሁት ጋር በአሠራሩ አንድ ነው። የእኔ ጥፋት የተወለድሁበት ስፍራ ነበር ማለት ነው።

የአንዱ ግሥ ልዩ ልዩ ቅርጾች ከተለያዩ ሥሮች ሲውጣጡ ሊቃውንቱ ‹ሰፕሊሽን› ይሉታል። ጀርመናዊው ሄርማን ኦስቶፍ በ1899 በዚሁ ጉዳይ ራሱን የቻለ ጽሑፍ አውጥቶበታል። እኔ ለዛሬው ንግግራችን ‹ሥር መዋዋስ› እለዋለሁ፤ የተሻለ ስም ያለው ካለ እቀበላለሁ። እንግሊዝኛ በዚህ ብቻውን አይደለም። ፈረንሳይኛ ‹አሌ› ብሎ መሄድን ይጠራና ‹እሄዳለሁ› ለማለት ‹ቬ›፣ ለወደፊቱ ‹ዢሬ› ይላል፤ ሁለቱ ከሁለት የላቲን ግሦች የመጡ ናቸው። በስፓኝኛ ‹ፉዊ› አንዱ ቃል ራሱ ‹ሄድሁ›ም ‹ነበርሁ›ም ማለት ነው፤ የሚለየው ዐውዱ ነው።

ነገር ግን ለምን ሩቅ እንሄዳለን? ከአፋችን ወጥቶ የማያውቀውን ነገር እንይ። ‹መጣ› የሚለውን ግሥ እናርባ፦ መጣ፣ ይመጣል፣ መጥቶ፣ ይምጣ። አሁን ትእዛዙን ንገሩኝ። ከፊቴ የተቀመጣችሁት ሁላችሁ ‹ና› አላችሁ፤ ለሴት ‹ነይ›፣ ለብዙ ‹ኑ›። ከ‹መጣ› ፊደላት አንዱስ እንኳ የታለ? ሕጉን ብንከተል ‹ውጣ› ከ‹ወጣ› እንደሚገኝ ‹ምጣ› ማለት በተገባን ነበር። አማርኛ የሚማሩ የውጭ ሰዎች እንዲህ ሲሉ ሰምቼ አውቃለሁ፤ የእኅቴ ልጅም በሦስት ዓመቷ ከበሩ ላይ ቆማ ‹‹ምጪ!›› እያለች እናቷን ትጠራ ነበር። ማንም አልሳቀባትም፤ እናቷ ‹‹ነይ ነው የሚባለው›› አለቻት፣ ነገሩም አለቀ።

‹ና› የራሱ የዘር ሐረግ አለው። ግእዙ ‹መጽአ› ብሎ ለትእዛዝ ‹ነዓ›፣ ‹ንዒ›፣ ‹ንዑ› ይላል፤ ትግርኛም ‹ንዓ›፣ ‹ንዒ›፣ ‹ንዑ›ን ጠብቆ ይዟል። አማርኛ ዓይኑን ከድምፁ ስለጣለ ‹ና› ቀረልን። ይበልጥ የሚያስደንቀው የሥልጣኑ ጠባብነት ነው። ‹ና› የሚሠራው በአዎንታ ትእዛዝ ብቻ ነው። ስንከለክል ‹አትና› አንልም፤ ‹አትምጣ› ብለን ወደ መጀመሪያው ሥር እንመለሳለን። አንቱ የምንለውን ሰው ስንጠራም እንዲሁ ‹ይምጡ› እንላለን። ልጁን በአንድ ሥር፣ አባቱን በሌላ ሥር እንጠራለን፤ ይህን ስናደርግም ምንም አይታወቀንም። በዐረብኛም ‹ጃአ› የሚለው ‹መጣ› በተለመደው አነጋገር ትእዛዙን ‹ተዓል› ከሚለው ከሌላ ሥር ይዋሳል። ስለዚህ ‹‹እንግሊዝኛ ሥርዓት የለሽ ነው›› የሚል ተማሪ ሲገጥመኝ ‹‹እስቲ ‹መጣ›ን አርባልኝ›› እለዋለሁ።

ስለ መሆን የሚናገረው ግሥም ያው ነው። የእንግሊዝኛው ‹ቢ›፣ ‹ኢዝ› እና ‹ዎዝ› ከተለያዩ ሥሮች የተሰበሰቡ ናቸው፤ ‹ዎዝ› የመጣው ‹መኖር፣ መቈየት፣ ማደር› ከሚል ሥር ነው። የእኛም ‹ነው›፣ ‹ነበር›፣ ‹ሆነ› ሦስት ዓይነት ናቸው፤ ‹ነበር› ደግሞ የግእዙ ‹ነበረ›፣ ማለትም ‹ተቀመጠ፣ ኖረ› ነው፤ ‹መንበር›ን፣ ‹ወንበር›ን ያስገኘው ሥር። የማይተዋወቁ ሁለት ሕዝቦች ያለፈውን ጊዜ ለመናገር ሁለቱም ‹መቀመጥ›ን፣ ‹መቈየት›ን መረጡ። ይህን ባሰብሁ ቍጥር ደስ ይለኛል፤ ለምን ደስ እንደሚለኝ ግን ለትምህርት ክፍሉ ጉባኤ ማስረዳት አልቻልሁም።

አሁን ወደ ምክንያቱ። እንዲህ ያለው ጠማማነት ለምን ሳይቃና ይኖራል? ደግሞስ ለምን በነዚህ ግሦች? በእንግሊዝኛ እጅግ የሚዘወተሩትን ዐሥር ግሦች ብትቈጥሩ ‹ቢ›፣ ‹ሃቭ›፣ ‹ዱ›፣ ‹ሴይ›፣ ‹ሜክ›፣ ‹ጎ›፣ ‹ቴክ›፣ ‹ካም›፣ ‹ሲ› እና ‹ጌት› ናቸው። ዐሥሩም ኢ-መደበኛ ናቸው። ይህ አጋጣሚ አይደለም። ኤሬዝ ሊበርማንና ባልደረቦቹ በ2007 በ‹ኔቸር› መጽሔት ባወጡት ጥናት በጥንታዊው እንግሊዝኛ የነበሩ 177 ኢ-መደበኛ ግሦችን ተከታትለው ነበር። በመካከለኛው ዘመን ከነዚህ 145ቱ፣ ዛሬ ደግሞ 98ቱ ብቻ ኢ-መደበኛ ሆነው ቀርተዋል። የቀሩት ተቃንተዋል፤ ለምሳሌ ‹ሄልፕ› ቀድሞ ‹ሆልፕ› ይባል ነበር፣ ዛሬ ‹ሄልፕድ› ነው። ያገኙት ሥሌት ግልጽ ነው፦ ከሌላው መቶ እጥፍ ያነሰ የሚነገር ግሥ ዐሥር እጥፍ ፈጥኖ ይቃናል። በየሰዓቱ የሚነገረውን ቃል ልጅ ከሕግ አይፈጥረውም፤ ከጆሮው ይቀበለዋል። አልፎ አልፎ የሚሰማውን ግን ይረሳዋልና በሕግ ይሠራዋል። ‹ዌንት› እና ‹ና› የቆዩት በየዕለቱ ስለምንጠራቸው ነው።

ከዚህ የሚከተለውን ነገር በጥንቃቄ እንድታዩልኝ እፈልጋለሁ፤ በተለይ መምህራን የሆናችሁና ልትሆኑ የምትዘጋጁ። ጂን በርኮ በ1958 ከ4 እስከ 7 ዓመት ላሉ ልጆች ከዚያ በፊት ሰምተዋቸው የማያውቁ የፈጠራ ቃላት እያቀረበች ብዙ ቍጥራቸውንና ኃላፊ ጊዜያቸውን ጠየቀቻቸው። ልጆቹ አበጅተው መለሱ። ሰምተው ሊሆን አይችልም፤ ሕጉ በውስጣቸው ነበረ። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆነ ሕፃናትም መጀመሪያ ‹ዌንት› ይላሉ፤ በኋላ አንዳንዴ ‹ጎኢድ› ማለት ይጀምራሉ፤ ከዚያም ወደ ‹ዌንት› ይመለሳሉ። መካከለኛው ደረጃ ወደ ኋላ መሄድ ይመስላል፤ ግን ሕጉን ያገኙበት ደረጃ ነው። ጌሪ ማርከስና ባልደረቦቹ በ1992 እንዳሳዩት ስሕተቱ ብዙም አይደለም፤ በመካከለኛው ልጅ ዘንድ ከመቶው 2.5 ያህል ነው። ለጆሯችን ግን ጎልቶ ይሰማል።

እንግዲህ የእኔ አምስተኛ ክፍል ደብተር ምን ይናገር ነበር? ልጁ የእንግሊዝኛን ኃላፊ ጊዜ ሕግ ከጥቂት ምሳሌዎች አውጥቶ፣ ባልተነገረው ቃል ላይ ሥራ ላይ ማዋሉን። የጎደለው አንድ ቃል መስማት ብቻ ነበር። ከዚህ በላይ ግን የምናዘዘው አለኝ። መምህር ሆኜ ከተቀጠርሁ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ዓመታት ያንኑ አድርጌያለሁ። ክፍል ፊት ቆሜ አላሣቅሁም፤ ነገር ግን በአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ወረቀት ላይ ‹ጎኢድ›፣ ‹ቲችድ›፣ ‹ባይድ› ባየሁ ቍጥር በቀይ ቀለም ሁለት ጊዜ አሰምሬ ነጥብ ቀንሻለሁ። አንዲት ተማሪ ወረቀቷን ተቀብላ ቍጥሩን ካየች በኋላ ሳትናገር አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከተው አይቻታለሁ፤ ጽሑፏ ስለ እናቷ ሕመም ነበር። ስለ እናቷ አንዲት ቃል አልጻፍሁላትም። ዛሬ እንዲህ ያለውን ቃል አንዴ ብቻ አርሜ አልፋለሁ፤ ነጥብ አልቀንስም። በዚህ የማይስማሙ ባልደረቦች በዚህ አዳራሽ እንዳሉ ዐውቃለሁ።

የማይስማሙት የሚሉት ‹‹ታዲያ ምኑን ልናርም ነው?›› ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሴ ‹‹ፍቺውን›› ነው። ‹ጎኢድ› ያለውን ሰው ያልተረዳው እንግሊዛዊ ኖሮ አያውቅም። እውነተኛው አለመግባባት የሚፈጠረው ቅርጹ ትክክል፣ ሐሳቡ ግን ሌላ በሆነበት ስፍራ ነው።

አንድ ምሳሌ። አንድ ተማሪዬ ከእንግሊዝ አገር ከመጡ እንግዳ መምህር ቢሮ ተቀምጦ ሲወያይ ወረቀት ረስቶ ኖሮ ከመቀመጫው ተነሣና ‹አይ አም ካሚንግ› ብሎ ወጣ። መምህሩ ግራ ተጋብተው ወደ እኔ መጡና ‹‹ይህ ልጅ ‹እየመጣሁ ነው› ብሎ ለምን ሄደ?›› አሉኝ። ሁላችሁም ገብቷችኋል፤ ልጁ ‹መጣሁ› ማለቱ ነው። በአማርኛ እየሄድን ‹መጣሁ› እንላለን፤ የምንናገረው ስለ መመለሳችን ነው፤ ያውም ለማረጋገጥ ያህል ገና ያልሆነውን በኃላፊ ጊዜ። ስንሰናበትም ‹በሉ ሄድሁ› እንላለን፣ ገና ቆመን ሳለ። የእንግሊዝኛው ‹ካም› ግን እንቅስቃሴው አሁኑኑ ወደ ተናጋሪው ወይም ወደ አድማጩ መሆኑን ይጠይቃል። ሰዋስው እንከን የለውም፤ ቀይ ቀለም የሚነካው ፊደል የለም፤ መልእክቱ ግን አልደረሰም። ይህን የሚያስተምር ምዕራፍ በተማርሁባቸው የመማሪያ መጻሕፍት አላየሁም።

ሌላም ልጨምር። እንግሊዝኛ ለመጥፎ ለውጥ ‹ጎ›ን ይመርጣል፦ ምግብ ሲበላሽ፣ ሰው ሲያብድ፣ ዓይን ሲጠፋ ‹ጎ› ነው። ሕልም እውን ሲሆን ግን ‹ካም› ነው። ኢቭ ክላርክ በ1974 እንዳብራራችው፣ ከተለመደውና ከመልካሙ ሁኔታ መራቅ ‹ጎ›፣ ወደዚያ መቅረብ ‹ካም› ይሆናል። አማርኛ ሌላ መንገድ ይከተላል። ‹የኑሮው ውድነት እየከፋ መጣ› ስንል ክፋቱን በ‹መጣ› ነው የምንነግር፤ ነገሩ ወደ አሁን፣ ወደ እኛ ስለ ቀረበ። እነሱ በመልካምና በክፉ ሲለዩት እኛ በጊዜ እንለየዋለን። ተማሪያችን ወተቱ መበላሸቱን በ‹ካም› ቢገልጽ አትደነቁ፤ በአማርኛ አስቦታል።

በመጨረሻ፣ ‹ጎ› ከእግር ጕዞ ወጥቶ ወደ ጊዜ የተሻገረበት ‹ጎኢንግ ቱ› አለ። አንድን ነገር ለማድረግ ወደ አንድ ስፍራ መሄድን ይናገር የነበረው ሐረግ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቀስ በቀስ የወደፊት ጊዜ ምልክት ሆነ። ለውጡን የሚያጋልጠው ‹ጎና› የሚለው የዕለት ተዕለት አነጋገር ነው። ‹ላነብ ነው› ለማለት ‹ጎና› ይቻላል፤ ‹ወደ ባሕር ዳር እየሄድሁ ነው› ለማለት ግን አይቻልም። ቃሉ ያጠረው የጕዞ ፍቺውን በጣለበት ቦታ ብቻ ነው። ከፊልምና ከዘፈን የለመዱት ወጣቶች ያለ አስተማሪ ለይተው ሲጠቀሙበት እሰማለሁ፤ ሕጉን ንገሩኝ ብላቸው ግን ትከሻቸውን ይነቀንቃሉ። እኔም ስለ ‹ና› እና ‹አትምጣ› ሥርወ ቃሉን እስካጠና ድረስ እንደነርሱ ነበርሁ።

ሰዓቴ አልቋል መሰለኝ፤ ሰብሳቢው እያዩኝ ነው። ጥያቄ ያለው እጁን ያንሣ፤ በየትኛውም ቋንቋ፣ በየትኛውም ኃላፊ ጊዜ።